ለእንግዶች ክብር ፀሐይ ላይ ስለተሰጡት ሰባት ሻሾች

ለተከበሩ የመድኃኒት ፋብሪካችን ዋና ሥራ አስኪያጅ፣
ባሉበት፤

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰንብተዋል እያልኩ ለእርስዎም ለቤተሰብዎም ሙሉ ጤና እመኛለሁ፤ ጤና የምለውም ለወጉ ያህል አይደለም፣ ሰሞኑን ከዚህ ቃል ሌላ በሐሳቤ የሚመላለስ ነገር ስላጣሁ ነው። እኔ በማጣሪያ ክፍል ከግራው መስኮት ሥር አሥራ ዘጠኝ ዓመት የተቀመጥኩት ሴትዮ ነኝ። ስሜን ባያስታውሱት ፈጽሞ አልቀየምም፤ መነጽር የተገዛላት ሴትዮ ካሉዎት ግን ወዲያው እንደምመጣልዎ እርግጠኛ ነኝ። ይህን ደብዳቤ በምግብ አዳራሹ በር ላይ የለጠፍኩት ደፋር ሆኜ እንዳይመስልዎ፤ በጽሕፈት ቤትዎ በኩል የላክኋቸው ሦስት ደብዳቤዎች እርስዎ ዘንድ ሳይደርሱ መንገድ ላይ እንደቀሩ ስለገባኝ ነው። ድፍረቱማ በጊዜው ቢኖረኝ ኖሮ ዛሬ የምጽፈውም ነገር ባልኖረ ነበር።

የሥራችንን ጠባይ ለእርስዎ ማስረዳት ከልኬ እንዳያልፍብኝ እሰጋለሁ፤ ነገር ግን በዚህ በር የሚያልፉ ዘበኞቻችንና የወጥ ቤት እህቶቻችንም ስለሚያነቡት ይፍቀዱልኝ። የምንሠራው መድኃኒት የሚጥል በሽታ ላለባቸው ሰዎች ነው። መድኃኒቱ በማሟሚያ ፈሳሽ ውስጥ ሟሙቶ ወደ ክፍላችን ሲመጣ ብቻውን አይመጣም፤ ሲቀመም የተረፈ ቢጫ ቆሻሻ ተከትሎት ይመጣል። አፍልተን እንዳንለየው ሙቀት መድኃኒቱን ያበላሸዋል። ስለዚህ ፈሳሹን ከመኪና ጎማ አሥራ አምስት እጥፍ በሚሆን ግፊት እየገፋን ከሽንኩርት ልጣጭ በሳሳ ሽፋን ውስጥ እንዲያልፍ እናስገድደዋለን፤ የመድኃኒቱ ቅንጣት ትንሽ ስለሆነች ሾልካ ታልፋለች፣ ቢጫው ግን ግዙፍ ስለሆነ ከደጅ ይመለሳል። ሽፋኑ በቱቦ ላይ ተደራርቦ ስለሚጠመጠም እኛ ሻሽ እንለዋለን። እንዲህ ያሉ ሰባት ሻሾች አሉን። ሻሽ እርጥብ ሆኖ ተወልዶ እርጥብ ሆኖ የሚሞት ነገር ነው፤ ከተሠራበት ቦታ በዘይት ተነክሮ፣ በቆርቆሮ ታሽጎ ይመጣል፣ ሥራ ሲፈታ ማሟሚያ በሞላ ገንዳ ውስጥ ይተኛል፤ አንዴ ከደረቀ ዓይን የማያየው ስንጥቅ ይወርሰዋል፣ ከዚያ ወዲያ ቢያርሱትም አይመለስም። ያስተማሩን አዛውንት ኬሚስት ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ጠዋት ሲገቡ ከእግዜር ሰላምታ በፊት ገንዳው ሙሉ ነው ወይ ብለው ይጠይቁን ነበር።

አንደኛ፣ ከሁለት ወር በፊት ትልልቅ እንግዶች ሊጎበኙን ነው በተባለ ሰሞን ክፍላችን አምሮ እንዲታይ ስላደረጉት አባታዊ ጥረት ምስጋናዬ ይድረስዎ። የጽዳትና የውበት ኃላፊያችን፣ ሁላችንም ብሩሽ የምንለው ሰው፣ ፊርማዎ ያረፈበት ወረቀት ይዞ መጣና የሚንጠባጠብና የሚሸት ነገር እንግዳ ፊት አይቀርብም አለን፤ ሻሾቹ ከገንዳው ወጥተው፣ ተወልውለው፣ ደርቀው፣ መደርደሪያ ላይ በረድፍ እንዲቆሙ ታዟል። እኔም አይሆንም አልኩ። አንድ ጊዜ አልኩ። ብሩሽ ፈገግ ብሎ፣ እህቴ፣ ታጥቦ የማይሰጣ ልብስ ያለው እናንተ ቤት ብቻ ነው እንዴ ሲል ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ፣ እኔም አብሬ ሳቅሁ፤ አብሬ ከሳቅሁ በኋላ ደግሞ እምቢ ማለት አፈርኩ። ሰባቱን ሻሾች ግቢው ውስጥ ንጹሕ አንሶላ አንጥፈን ሦስት ቀን ሙሉ ፀሐይ ያሞቅናቸው እኛው ነን፤ ትነቱ እሳት እንዳይስብ ዘበኛው ሲጋራውን ከአጥር ውጭ እንዲያጨስ የለመንኩትም እኔ ነኝ፣ ከሰባቱ ሁለቱን የተሸከምኩት በገዛ ክንዴ ነው። እንግዶቹ ክፍላችን ውስጥ አራት ደቂቃ ቆዩ። አንደኛው በጣታቸው ጫፍ ነካ አድርገው እንዴት ደስ ይላል አሉ፣ እርስዎም ደስ አለዎት። በማግስቱ ደስ የሚሉትን ሻሾች ወደ መሣሪያው መልሰን አርባ አንደኛውን ዙር ማጣራት ጀመርን።

ሁለተኛ፣ በክፍላችን ከእኔም በፊት የነበረ አንድ ልማድ አለ። ከየዙሩ ከተጣራው ፈሳሽ በትንሽ ብልቃጥ እንቀዳና ከመስኮቱ ትይዩ፣ በነጩ ግድግዳ ሥር ባለችው ጠባብ መደርደሪያ ላይ ቁጥሩን ጽፈን እንደረድረዋለን፤ ጠዋት ብርሃን ሲገባ ብልቃጦቹን በዓይን ማለፍ እንደ መሐላ ነው የምንቆጥረው። እስከ አርባኛው ዙር ድረስ ሁሉም ንጹሕ ውሃ ይመስሉ ነበር። አርባ አንደኛው ግን ሻይ ቅጠል ገና እንደነካው ውሃ ሆኖ ተቀመጠ። ዓይኔን አሸሁ፣ ብልቃጡን ቀየርኩ፣ ደግሜ ቀዳሁ፤ ያው ነው። ያኔውኑ የመጀመሪያውን ደብዳቤ ጻፍኩልዎ። ለጉዳዩ የሰጡት ትኩረት አስደንቆኛል፤ ሳምንት ሳይሞላ ብሩሽ ሁለት ባልዲ ቀለም ይዞ መጣና ነጩን ግድግዳ ከወለል እስከ ጣሪያ ክሬም ቀባው። ለዓይን ይለሰልሳል አለን፣ እውነቱን ነው። በክሬሙ ግድግዳ ፊት አርባኛውና አርባ አንደኛው የአንድ እናት ልጆች መሰሉ፤ ቢጫው ከብልቃጡ ባይወጣም ከክፍሉ ወጣ ማለት ነው።

ሁለተኛውን ደብዳቤ በጻፍኩ ጊዜ ያሳዩኝን ርኅራኄ ደግሞ እስከ ዕለተ ሞቴ አልረሳውም። ችግሩ ከፈሳሹ ሳይሆን ከዕድሜዬ እንደሆነ ተገልጾልኝ፣ በፋብሪካው መኪና ወደ ዓይን ሐኪም ተወስጄ፣ በፋብሪካው ወጪ መነጽር ተገዛልኝ። ግሩም መነጽር ነው። እሱን ከማድረጌ በፊት ቢጫ ይመስለኝ የነበረውን አሁን ቢጫ መሆኑን አረጋግጬበታለሁ። ከብልቃጦቹ ጀርባ ነጭ ወረቀት አቁሜ የሥራ ባልደረቦቼም በየተራ እንዲያዩ አደረግሁ፤ አንዷ ውይ ብላ አፏን ያዘች። ወረቀቱን በማግስቱ ጠዋት አጣሁት፤ ቆሻሻ መስሎ ተጠርጎ ይሆናል፣ ክፍላችን እንደሚያውቁት በጣም ንጹሕ ነው።

ሦስተኛ፣ ስለ ወረቀት ሥራው መቅለል። ቢጫው ስንት እንደሆነ ለክቶ የሚናገረው የላቦራቶሪው መሣሪያ መለዋወጫ እየጠበቀ ከተኛ አራት ወሩ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ለሚመጣው ዙር ሁሉ የሠላሳ ስድስተኛው ዙር ውጤት እየተገለበጠ የምስክር ወረቀት ይሰጠዋል። ሠላሳ ስድስተኛው ዙር እጅግ ጥሩ ዙር ነበር፣ አስታውሰዋለሁ። እኛም በበኩላችን በየዙሩ ቀለሙን አይተን በእጃችን የምንጽፍበት አንድ መስመር ነበረን፤ አሁን በመጣልን አዲስ ቅጽ ላይ ግን ቀለም ከሚለው ፊት ለፊት እንደ ውሃ የሚለው ቃል ታትሞ ስለሚመጣ ለእኛ የቀረልን መፈረም ብቻ ነው። የአርባ አንደኛውን ዙር ቅጽ አውጥተው ቢያዩ ከሥሩ ያለው ፊርማ የእኔ ነው። ለምን ፈረምሽ ቢሉኝ፣ ለጡረታዬ አንድ ዓመት ከመንፈቅ ስለቀረኝ ነው፤ ከዚህ የተሻለ መልስ ፈልጌ አጣሁ።

ከዚህ ቀጥሎ ያለውን አራተኛ ብዬ ልጽፈው ሞከርኩ፣ እጄ አልታዘዝ አለኝ። ባለቤቴ ሃያ ሁለት ዓመት የከተማ አውቶቡስ የነዳ ሰው ነው። በሽታው መጀመሪያ የጣለው በዕረፍት ቀኑ፣ እቤት ውስጥ፣ ጫማውን ሲያስር ነው፤ በነጋታው ማንም ሳያዘው የአውቶቡሱን ቁልፍ ወስዶ አስረከበ፣ ሰው ይዤ ብወድቅስ ብሎ። የእኛን መድኃኒት ከጀመረ ወዲህ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ የወደቀው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፣ እሱም ኪኒኑ አልቆበት ፋርማሲው ሁለት ቀን በተዘጋ ጊዜ። ያኔ ምድጃው ጠርዝ ላይ ነው የወደቀው፤ ጠባሳው እስከ ዛሬ ቅንድቡን ለሁለት ከፍሎታል። በእኛ ፋብሪካ የምኮራው በእሱ ነበር። ጎረቤት ሥራሽ ምንድን ነው ብሎ ሲጠይቀኝ እሱን እያሳየሁ ይኸው ነው እል ነበር።

ከሦስት ሳምንት በፊት ከፋርማሲ ተመልሶ አዲሱን ፓኮ ጠረጴዛ ላይ ሲያስቀምጥ ቁጥሩን አየሁት። አርባ አንድ ይላል። ወንበር ስቤ ተቀመጥኩና ሻይ ልጠጣ ነው አልኩት፣ ሻይም አልነበረም። አዛውንቱ ኬሚስት ቢጫው ጉበት ላይ እንደሚቀመጥ፣ ቀድሞ የሚያሳብቀውም የዓይን ነጭ እንደሆነ ነግረውን ነበር። ከዚያን ቀን ጀምሮ ጠዋት ጠዋት ባለቤቴን ክንዱን ይዤ መስኮት አጠገብ አቆመዋለሁ፣ እርስዎ የገዙልኝን መነጽር አደርግና ዓይኑን አየዋለሁ። እሱ ምስኪኑ ምን አውቆ፣ በዚህ ዕድሜሽ ደግሞ ፍቅር ያዘሽ እንዴ እያለ ይስቅብኛል፣ ለጎረቤትም ሚስቴ ዓይን ዓይኔን ማየት ጀምራለች ብሎ አውርቷል። እኔ ግን ያየሁት ቢጫ የጠዋት ፀሐይ ይሁን ሌላ ነገር እስካሁን አልለየሁም። እንግዲህ በቤቴ መላ ጠፍቷል፤ አትውሰድ ብለው ይወድቃል፣ ውሰድ ብለው ቢጫውን በእጄ አጠጣዋለሁ። የሰፈራችን ፋርማሲዎች ከእኛ ሌላ የማንንም አይሸጡም፤ ጤና ጣቢያ ሄጄ ሌላ ይዘዙለት ብል መድኃኒቱ ጉድለት አለበት የሚል ደብዳቤ ከፋብሪካው አምጪ አሉኝ። ሦስተኛው ደብዳቤዬ ይህንኑ ለመጠየቅ ነበር፤ መልሱ እየተዘጋጀ ይሆናል ብዬ በትዕግሥት እየጠበቅሁ ነው።

ቅዳሜ ከምሳ በኋላ ለባለቤቴ ነገርኩት። ይቆጣል ብዬ ነበር፣ ደግሞም ተቆጥቶ ኪኒኑን አልወስድም ይላል ብዬ ስለፈራሁ ነው እስከዚያ የደበቅሁት። አልተቆጣም። በስንት ሰው እጅ ነው ያለው ብሎ ብቻ ጠየቀኝ። ስድስት መቶ ፓኮ ወጥቷል አልኩት። ወደ መንገዱ አየና፣ ፍሬኑ እንደማይዝ እያወቀ ተሳፋሪ የጫነ ሹፌር በሕይወቴ አላየሁም አለኝ። እኔን ይሁን እርስዎን አልነገረኝም። ሲመሽ ኪኒኑን እያየሁት ዋጠ፣ ሌላ ምን አለው።

ክቡር ሆይ፣ ፈርቻለሁ። ከሥራ እባረር ይሆን ብዬ ፈርቻለሁ፣ ይህ ግን ትንሹ ነው። መስኮቱ አጠገብ ቆሜ የማየውን ነገር ነው የምፈራው፤ በየቤቱ ደግሞ መስኮት አጠገብ የማትቆም፣ መነጽር ያልተገዛላት፣ ቁጥር የማታነብ ሚስት ወይም እናት ስንት እንዳለች ሳስበው ይበልጥ እፈራለሁ።

የምለምነው ብዙ አይደለም። አርባ አንድና ከእሱ ወዲህ የወጡት ዙሮች ከየፋርማሲው ይሰብሰቡ፣ ሥራውን በሚያውቅ ሌላ ላቦራቶሪም ይታዩ። ሰዎቹ መድኃኒታቸውን በድንገት እንዳያቋርጡ፣ ይህንኑ መድኃኒት ከሚሠራው ከጎረቤት ከተማው ፋብሪካ አንድ መኪና ጭነት ይግዙላቸው፤ መኪናው በአንድ ቀን ደርሶ ይመለሳል፣ የሚጎድለው የእርስዎ ፊርማ ነው። ሻሾቹን በተመለከተ በዕቃ ግምጃ ቤታችን በዘይታቸው እንደተነከሩ የታሸጉ ሰባት አዳዲስ ሻሾች አሉ፤ ቆርቆሮው ሲከፈት ይሸታል ተብሎ ከሚቀጥለው ጉብኝት በፊት እንዳይከፈቱ ስለተባለ አልነካናቸውም። ግድግዳውን ግን ካመኑበት ክሬም እንደሆነ ይተውት፤ ወረቀት እናቆማለን፣ እንዳይጠረግብን ብቻ ይዘዙልን።

እርስዎ ከዚህ ሁሉ አንዱም እንዳልደረሰዎት አምናለሁ። ደርሶዎት ቢሆንማ ይህን ያወቀ ሰው ቢሮው ገብቶ፣ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ፣ ሻይ እንደማያዝዝ እርግጠኛ ነኝ። ጥፋቱ ሁሉ የመንገዱ ነው፣ የጸሐፊዎ ነው፣ የብሩሽ ነው፣ አንድ ጊዜ ብቻ አይሆንም ያልኩት የእኔም ነው።

ለቀለሙ፣ ለመነጽሩ፣ ታትሞ ለመጣው ቅጽና ለአራቱ ደቂቃ ክብር ውለታዎን መላሽ ያድርገኝ እያልኩ፣ በሥራ ጫና የደከመው ዓይንዎ እንደ እኔ እንዳይፈዝብዎ፣ ቤትዎም ዘወትር ጤና የሞላበት እንዲሆን ከልብ በመመኘት፣ ከወንበሬ ብድግ ብዬ፣ ራሴን ዝቅ አድርጌ እሰናበትዎታለሁ።

በግራው መስኮት ሥር የምትቀመጠው፣
የአውቶቡስ ነጂው ባለቤት፣
ባለመነጽሯ

ማስታወሻ፦ ከላይ ያለውን ጽፌ የጨረስኩት እሑድ ረፋድ ላይ ነው፣ እንዳላወቁ አምናለሁ ያልኩትም ያን ጊዜ እውነቴን ነበር። ከቀትር በኋላ የዕቃ ግምጃ ቤቱ ኃላፊ ላብ በላብ ሆኖ ቤቴ መጣ፤ አርባኛው ዙር አልቆበት ምን እንደሚያደርግ ቢጨንቀው ሊያማክረኝ ነው። በእጅዎ የተጻፈች ቁራጭ ወረቀት አሳየኝ። የእናቴ መድኃኒት ከአርባኛው ዙር ብቻ ይሁን፣ ከአርባ አንድ እንዳይሰጥ ትላለች፤ ቀኑ ግድግዳው በተቀባ ማግስት ነው። እናትዎ ይህ ሕመም እንዳለባቸው አላውቅም ነበር፣ እግዜር ይማራቸው። ጫማዬን አጥልቄ እቤታቸው ሄድኩና ሁሉንም ነገርኳቸው፤ እርስዎ መድኃኒታቸውን መርጠው የሚልኩላቸው ስለሚወዷቸው ብቻ ይመስላቸው ነበር። ከአርባኛው ዙር አሥር ኪኒን ቀርቷቸዋል። ሳህን ላይ ዘርግፈው አምስቱን ለራሳቸው አስቀሩ፣ አምስቱን ለባለቤቴ በመሐረብ ቋጠሩልኝ፤ እንዴት ይሆናል ብል፣ ልጄ፣ አትጨቅጭቂኝ አሉኝ። ሁለቱም በቀን ሁለት ስለሚወስዱ፣ ከትናንት ማታ ጀምረን ብንቆጥረው የእናትዎና የባለቤቴ የመጨረሻ ኪኒን ነገ ማክሰኞ ማታ ይዋጣል። ረቡዕ ጠዋት ለሁለቱም የለም። ልጅ ሳሉ ብርጭቆ ሲሰብሩ ማንም ሳይጠይቅዎ ራስዎ መጥተው ይናገሩ እንደነበር ሲያጫውቱኝ ዓይናቸው እንባ ሞላው፤ ዛሬ ለምሳ እንደሚጠብቁዎትም እንድነግርዎ አደራ ብለውኛል፣ የሰበረውን ራሱ መጥቶ ይንገረኝ ብለዋል።